ዘጠና ስድስት እንደራሴዎች

ቆጣሪዋና ቧንቧው አይንና ናጫ ነበሩ። ይህን ለማወቅ ቢሮው ውስጥ አንድ ቀን መዋል ይበቃል፤ ግማሽ ቀንም አይፈጅ። እሷ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ትነድፋለች፤ ስንት ኪሎዋት፣ ስንት ብሬከር ስትል ስለምትውል ቆጣሪ የሚል ስም ወጣላት። እሱ የውሃውንና የአየሩን መስመር ይነድፋል፤ ቧንቧ የተባለው ከዚያው ከሥራው ነው። ሁለቱም የወጣላቸውን ስም ያውቃሉ። ሌላው ሰው ሲጠራቸው ቀልድ የሆነው ስም ግን እርስ በርስ ሲጠራሩበት ስድብ ይሆናል።

ጠቡ የተጀመረው እሱ በተቀጠረበት በመጀመሪያው ወር ነው። ደንበኞች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ላይ፣ "የእሷን ገመድ የሚመርጠው ስሌት አይደለም፤ ፍርሃት ነው" አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በጥርሷ ብቻ። በማግስቱ የእሱን ንድፍ በቀይ እስክሪብቶ አዥጎርጉራ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በፎቶ ኮፒ ማሽኑ አናት ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ እሳትና ጭድ ሆኑ። ይኼ አልበቃ ብሎ ሰውዬው ማንን አገባ? የእሷኑ ታናሽ እህት። ዓለም ላይ ሴት ያለቀ ይመስል!

እህቲቱ ነርስ ናት። ሠላሳውን ብታልፍም ቤተሰቡ ዛሬም ሚጢጢ ነው የሚላት። አንድ ቀን ከእህቷ የቤት ቁልፍ ልትወስድ ቢሮ ብቅ አለችና ልቧን እዚያው ጥላው ሄደች። ቢሮው ደግሞ የታላቅ ወንድማቸው ነው። ሁለቱም ወንድምጋሼ ይሉታል። አርክቴክት ነው፤ ከግድግዳና ከመስኮት ሌላ ነገር ብዙም አይገባውም፤ ሰው ማስማማት ግን የሚችል ይመስለዋል። ስለዚህ ቆጣሪዋ ጠላቷን በሥራ ቀን ቢሮ፣ በእረፍት ቀን እህቷ ቤት ታገኘዋለች። ዕድሏ ነው እንግዲህ።

እሱ ከተጣሉ ወዲህ "አንቺ" ማለቱን ትቶ "እርስዎ" ይላታል። "እትዬ፣ እርስዎ ይህን አይተውታል?" ሲላት የሰማ እንግዳ ሰው እንዴት ያለ ጨዋ ነው ይላል። ሲያከብራት አይደለም፣ ሲያርቃት ነው። እሷ በበኩሏ በምንም አትጠራውም። ጠረጴዛውን አንኳኩታ "ስማ!" ካለችው ብዙ ተናገረች።

አሁን የሥራውን ነገር ላስረዳ፤ ረጅም አይደለም። አንድ ዓይነት ክፍሎች የበዙበት ሕንፃ ሲመጣ፣ ሆቴል በሉት የተማሪ ማደሪያ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ የሚስል ሞኝ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ክፍል በራሱ ፋይል ይሳላል፤ አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ሶኬቱ፣ በበሩ ጀርባ ያለችው ትንሿ የብሬከር ሳጥን ሳትቀር። የሕንፃው ትልቁ ፋይል ያንን ክፍል በሚፈልገው መጠን ደጋግሞ ይጠራዋል። አንዱን ሲነኩት ሁሉም ይለወጣሉ። አርክቴክቶች ይህን ሲያዩ እንደ ልጅ ይፈነድቃሉ። ለኤሌክትሪክ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ትልቁ ፋይል የክፍሉን ሳጥን ያየዋል እንጂ ውስጡ ያለውን ጭነት አይደምረውም። ስለዚህ ቆጣሪዋ በየክፍሉ በር ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ታስቀምጣለች። ቁጥር ከተጻፈበት በቀር ምንም የሌለው ሳጥን ነው፤ "ይህ ክፍል ይህን ያህል ይበላል" ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። ኤሌክትሪኩን ለየክፍሉ ከሚያከፋፍለው ከፎቁ ፓነል ጋር የሚያያዘው እሱ ነው። ክፍሉን ወክለው ስለሚቆሙ እንደራሴ ብላ ሰየመቻቸው። እንደራሴው ላይ ያለውን ቁጥር የሚጽፈው ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ምንም ቢለወጥ እንደራሴው አይሰማም፤ አንድ ሰው ሄዶ እስኪያርመው ድረስ የድሮውን ይዞ ይቆማል።

ይህን ቢሮው ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ወንድምጋሼን አንዴ ልታስረዳው ብትሞክር አዛጋባት። ለቧንቧው ደግሞ ምን በወጣት ትነግረዋለች?

ታዲያ እንዴት አልተሳሳተችም? በጥላቻዋ ነዋ! ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቧንቧው የሚሠራበትን የክፍሉን ፋይል ትከፍትና ጥፋት ትፈልጋለች። ያን ሰዓት እንደ ሽርሽር ትናፍቀው ነበር። እሱም እንደምትከፍት ያውቃልና ማስታወሻ ይተውላታል። የሆነ ነገር ከጨመረ ከጎኑ፣ "ለፈሪዋ እትዬ፦ እዚች ጋ ሁለት ኪሎዋት ጣል አድርጌያለሁ፤ ልብዎን ደግፈው ይያዙ" ብሎ ይጽፋል። እሷ እርር ድብን ትላለች፣ "አፍንጫህን ላስ!" ትላለች ለኮምፒውተሩ፣ ከዚያ የእንደራሴዎቹን ቁጥር ታስተካክላለች። እንዲህ እየተሰዳደቡ ስንት ሕንፃ አለቀ። አንዱም ገመድ አልሞቀም።

ከዚያ ሚጢጢ ወለደች።

ብዙ ዓመት የተጠበቀች ልጅ ናት። ቆጣሪዋ የራሷ ልጅ የላትም፤ ባል ነበራት፣ አልሆነም፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ሕፃኗን ስትታቀፋት ግን አርባውን ያለፈች ሴት መሃረቧ እስኪርስ አለቀሰች። ሚጢጢም አጋጣሚውን አላሳለፈችውም። አልጋዋ ላይ እንዳለች ባሏንና እህቷን ግራና ቀኝ አቁማ፣ ወንድምጋሼን ምስክር አድርጋ ተናገረች።

"ልጄ በተኮራረፉ ሰዎች መሃል አታድግም። አንተ በእሷ ሥራ አትግባ። አንቺም ዓርብ ዓርብ የሱን ፋይል እየከፈትሽ አትሰልዪው። ስድብ የለ፣ አሽሙር የለ። ይህን ያፈረሰ እኔን አያውቀኝም።"

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቧንቧው እጁን ዘረጋ፣ እሷም ጨበጠችው። እጃቸውን በልብሳቸው የጠረጉት ዞር ካሉ በኋላ ነው።

ሰላሙ ያዘ። "እርስዎ" ቀረና "አንቺ" ተመለሰ። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ "ደህና አደርሽ?" "ደህና፤ ልጅቷስ?" ይባባላሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አይተያዩም። እንዲህ ያለ ሰላም አይታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲገናኙ እንዳይነካኩ ግድግዳ ግድግዳውን ታከው እንደሚያልፉት ነው። እሷ አሁንም ሳቁን መስማት አትወድም። አሁንም ወንበሩን ሲጎትት ጥርሷን ያማታል። ቢሆንም ቃሏን ጠበቀች።

ያገኘችውም ቀላል አልነበረም። እሑድ እሑድ እህቷ ቤት ትሄዳለች። ልጅቷ መዳህ ስትጀምር የዳኸችው ወደ እሷ ነው፤ መቆም ስትጀምር የቆመችው የእሷን ቀሚስ ጨብጣ ነው። አፏን ስትፈታ አክስቴ ማለት ከበዳትና "ቴቴ" አለች። ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ ጭር ያለ ነው፤ ሬዲዮ ካልከፈተች የሰው ድምፅ አትሰማም። እሑድ ግን የእህቷን በር ስታንኳኳ ከውስጥ "ቴቴ!" የሚል ጩኸትና የትንንሽ እግር ሩጫ ይመጣል። በሕይወቷ ማንም እንደዚያ ተሯሩጦ ተቀብሏት አያውቅም።

የነርሶቹ ማደሪያ የመጣው በዚህ በሰላሙ ዘመን ነው። ከአንድ ሆስፒታል ግቢ ጎን የሚሠራ፣ ዘጠና ስድስት አንድ ዓይነት ክፍሎች ያሉት ሕንፃ። ሙቅ ውሃው ምድር ቤት ከሚቀመጥ ከአንድ ትልቅ ቦይለር ይመጣል ተብሎ ነበር የተጀመረው። ስለዚህ የክፍሉ ጭነት መብራት፣ ጥቂት ሶኬትና አንዲት ማራገቢያ ነው። ቆጣሪዋ አስልታ ሁለት ኪሎዋት አለች። ዘጠና ስድስቱን እንደራሴዎች በየበሩ አቆመች፣ ከየፎቁ ፓነል ጋር አያያዘች፣ የፓነሎቹን ሠንጠረዥ ሞላች፣ ገመዱን መረጠችና ፈረመች። ንጹሕ ሥራ ነበር። ዓርብ መጣ፤ ከምሳ በኋላ እጇ ወደ ማውሱ ሄደ። የሚጢጢ ፊት ትዝ አላትና መለሰችው። ሌላ ዓርብም መጣ። ኋላ ኋላ እጇም ለመደ።

ልስኑ ሊያልቅ ሲቃረብ የፎቅ ፓነሎቹ የሚተከሉበትን ቦታ ልታይ ወደ ሳይቱ ሄደች። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሮ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?" አለችው የንብረት ክፍሉን ሰው።

"ቦይለር ነዋ። ለየክፍሉ አንዳንድ።"

"ለየክፍሉ?"

"አዎ፣ ትልቁ ቦይለር ቀረ አይደል እንዴ? አልነገሩዎትም?"

ከካርቶኑ ጎን ያለውን ጽሑፍ አጎንብሳ አነበበች፤ ሦስት ኪሎዋት ይላል። እውነቱ ይነገር ከተባለ መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት አልነበረም። ደስ አላት። ከእግሯ ጥፍር እስከ ራሷ ፀጉር ሙቀት ሮጠባት። "ያዝኩህ!" አለች በሆዷ። "እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ!" እዚያው ሲሚንቶ አቧራ መሃል ቆማ ፈገግ ብላለች። የንብረት ክፍሉ ሰው ጥሩ ወሬ የነገራት መስሎት እሱም ፈገግ አለላት።

ፈገግታዋ የጠፋው ደረጃውን ወጥታ የተለሰነውን ግድግዳ ስታይ ነው። እዚያ ልስን ውስጥ የተቀበረው ገመድ ሁለት ሁለት ኪሎዋት የሚበሉ ክፍሎችን እንዲመግብ የተመረጠ ነው። ክፍሎቹ አሁን አምስት አምስት ሊበሉ ነው።

ቢሮ ተመለሰችና በሩን ዘግታ የቧንቧውን ፋይል ከፈተች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ከመታጠቢያው በላይ ቦይለሩ በሥርዓት ተሰቅሏል። የክፍሉም ሳጥን አምስት ይላል። እሱ የራሱን ሥራ ሠርቷል። ትልቁን ፋይል ከፈተች። ዘጠና ስድስቱ እንደራሴዎች በየበራቸው እንደቆሙ ናቸው። ሁለት ይላሉ። ከላይኛው ፎቅ እስከ ታችኛው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት።

በማግስቱ ሦስቱ ወንድምጋሼ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

"ግድግዳው እኮ ተለስኗል" አለ ወንድምጋሼ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

"ይቀደዳላ" አለች።

"አፍሽን ሞልተሽ 'ይቀደዳላ'! አሰሪው ምን ይለኛል?"

"ከሚቃጠል የፈለገውን ይበል።"

ቧንቧው ክንዱን አጣምሮ መስኮት መስኮቱን ያያል። "አሰሪው ነው ትልቁ ቦይለር ይቅር ያለው" አለ። "እኔም ቀየርኩ። ክፍሉን ስቀይረው ትልቁ ፋይል ራሱ የሚደምረው መስሎኝ ነበር።"

"አይደምርም" አለች ቆጣሪዋ።

"አሁን ገና ሰማሁ።"

"አፍ የለህም? መጻፍስ አትችልም ነበር?"

ቧንቧው ዞሮ አያት። "ጀምሬ ነበር። 'ለፈሪዋ እትዬ' ብዬ ጀመርኩና ነገር ፍለጋ እንዳይመስልብኝ አጠፋሁት።"

"ያለ ስድብ መጻፍ አይሆንልህም?"

"ላንቺ ያለ ስድብ ጽፌ አላውቅማ! እንዴት እንደሚጻፍ ከየት ልወቀው?"

ወንድምጋሼ ጠረጴዛውን ደበደበ። "በቃ! እናንተ ሁለታችሁ መቃብር ድረስ ትነታረካላችሁ፤ እኔ መፍትሔ ነው የምፈልገው። ሁሉም ቦይለር በአንድ ጊዜ አይበራም፤ ልክ ነኝ? ስሌቱ ላይ ለዚያ የሚደረግ ቅናሽ አለ፤ ራስሽ ነግረሽኛል። እሱን ቅናሽ ከፍ አድርጊና አዲሱን ሠንጠረዥ ፈርሚበት። ገመዱ ይበቃል ማለት ነው።"

"ቅናሹ የሚሠራው ሰዎቹ በተለያየ ሰዓት ሲታጠቡ ነው። እነዚህ የፈረቃ ነርሶች ናቸው። አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ክፍላቸው ይገባሉ፣ አብረው ያበሩታል።"

"ቢበራስ? ብሬከሩ ይወድቃል፣ መልሰው ያነሱታል" አለ ቧንቧው።

"መጀመሪያ ቀን ይወድቃል። በሁለተኛው ቀንም ይወድቃል። ከዚያ የጥገናው ሰው ይሰለቸውና ትልቅ ብሬከር ይተክልበታል። ከዚያ ወዲያ የሚሞቀው ገመዱ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ፣ ማንም ሳያየው።"

እንዲህ ያለ ነገር መደረጉን ሦስቱም አይተዋል፤ የሚክደው የለም። ወንድምጋሼ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"እሺ፣ እናስቀድደው። ካስቀደድነው አሰሪው ጥፋተኛውን አሳዩኝ ይላል። ሳይናገር የቀየረው እሱ ነው። የእህቴ ባል ነው ብዬ ልሸፍነው አልችልም፤ ከዚህ ቢሮ ይወጣል። ይህ ወሬ እየተከተለው ሌላም ቦታ የሚቀጥረው አያገኝም። ገብቶሻል የምትዪው ነገር?"

እዚህ ላይ መናገር ነበረባት። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በእጅ እንደሚጻፍ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ፤ ሄጄ ማየት ነበረብኝ ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ቧንቧውን አየችው። ፊቱ ዓመድ መስሏል፤ ያ ደንበኛ ፊት ያሳቀባት አፍ ደርቋል። ዝም አለች።

"እስከ ሰኞ አስቢበት" አለ ወንድምጋሼ። "ሰኞ የቀረው ግድግዳ ይዘጋል።"

ቧንቧው ተነሳ። በር ጋ ሲደርስ ዞረና ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳት። "እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሚጢጢ መጣች። ቆጣሪዋ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው የእህቷን ፊት ሳይሆን ባዶ ክንዷን ነው።

"ልጅቷስ?"

"ከአባቷ ጋር ናት።" ሚጢጢ ገብታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሥራ ነው የመጣችው፤ ፀጉሯ ገና አልደረቀም። "ሻይ ምናምን እንዳትዪ። ልትፈርሚ ነው አይደል?"

"አልፈርምም።"

"እታለም!"

"አልችልም፣ ሚጢጢ።"

"ትችያለሽ! ወንድምጋሼ ነግሮኛል። አንድ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው አለኝ። አንዲት ቁጥር ዝቅ ላለማድረግ ብለሽ ቤቴን ታፈርሺዋለሽ?"

"ፀጉርሽ እርጥብ ነው" አለች ቆጣሪዋ።

"ምን?"

"ከፈረቃ ስትወጪ መጀመሪያ ምንድን ነው የምታደርጊው?"

"ገላዬን መታጠብ ነዋ! የሰው ደምና ትውከት ተሸክሜ ልምጣልሽ?"

"አብረውሽ የወጡትስ?"

"እነሱም..." አለችና ቆመች። ሚጢጢ ሞኝ አይደለችም። ለአፍታ ዓይኗ ወለሉ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ ከቅድሙ ይብስ ጠቁሯል። "ገላዬን መታጠቤን ጭምር ማስረጃ አደረግሽው። አንቺ ሰው ስታዪ የሚታይሽ ምንድን ነው? ስንት ኪሎዋት እንደሚበላ ነው?"

"እዚያ የሚገቡት አንቺ ሥራ የምታስለምጃቸው ልጆች ናቸው። ከትምህርት ቤት ትናንት የወጡት።"

"አውቃለሁ!" ጮኸች ሚጢጢ። "አውቃለሁ፤ ለኔ ነው ስለነሱ የምትነግሪኝ?"

ሚጢጢ ከትከሻዋ የተንጠለጠለውን ቦርሳ በሁለት እጇ ጨመቀችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱ ትልቁ ፋይል ራሱ የሚደምር መስሎኝ ነበር እያለ ይምላል። አይደምርም አልሽው አሉ። ካልደመረ ቁጥሩን ማን ነው የሚጽፈው?"

"ሰው ነው።"

"ማን?"

"እኔ።"

"እሱ ይህን ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

"ወንድምጋሼስ?"

"አይገባውም።"

"ስለዚህ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሄደሽ አላየሽም። ከዚያ ሁሉ ነገር በሱ ሲላከክ ቁጭ ብለሽ አየሽ።"

"ፋይሉን አትክፈቺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!"

"አትሰልዪው አልኩሽ እንጂ ሥራሽን አትሥሪ አልኩሽ? 'ክፍሉ ውስጥ የቀየርከው ነገር አለ ወይ?' ብሎ መጠየቅ ከበደሽ? ጠዋት ጠዋት ደህና አደርክ ትይው የለም እንዴ? እሷኑ ብትጨምሪባት አፍሽ ይቆረጥ ነበር?"

ሚጢጢ እውነቷን ነው፤ ቆጣሪዋ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰውየውን ልትሰድበው፣ ልትሰልለው፣ ልትሸሸው እንጂ ልትጠይቀው አስባ አታውቅም። እሱም እንደዚያው ነው። ደህና ሰው ከደህና ሰው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገረውን እነሱ በስድብ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት፤ ስድቡ ሲቀር ወሬው ሁሉ ቀረ።

"ካርቶኖቹን ያየሽ ቀን" አለች ሚጢጢ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እውነቱን ንገሪኝ። ደስ አላለሽም?"

ዋሽታ ማምለጥ ትችል ነበር። እህቷም ውሸቱን ልትሰማ ፈልጋ ይሆናል፤ ዓይኗ እንደዚያ ይላል። ግን ቆጣሪዋ በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ ዝም ብላለች፤ ሁለተኛ አልሆነላትም።

"ደስ ብሎኝ ነበር" አለች።

ሚጢጢ ራሷን ነቀነቀች፤ ብዙ ጊዜ፣ ቀስ እያለች። ከዚያ ተነሳችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"ደውዪ።"

"ለማን?"

"ለሳይቱ ነዋ። ግድግዳውን አትዝጉ በያቸው። እነዚያ ልጆች ተቃጥለው ሲመጡ እኔ ነኝ የማክማቸው፤ ያን ቀን ማየት አልፈልግም። አሁን፣ እኔ ፊት ደውዪ።"

ቆጣሪዋ ስልኳን አነሳች። ለሳይቱ መሐንዲስ ደውላ ሰኞ አንድም ግድግዳ እንዳይዘጋ፣ የፎቆቹ ዋና ገመድ ሁሉ እንደሚወጣ፣ አዲሱን ስሌት ራሷ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችው። ሰውየው መጮህ ሲጀምር ዘጋችበትና ለወንድምጋሼ ደወለች።

"ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች። "ትልቁ ፋይል በራሱ አይደምርም፤ በእጅ ነው የሚጻፈው። ያንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱ አያውቅም። ክፍሉ መቀየሩን ሄጄ አላየሁም። ትናንት መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። አሰሪው ጥፋተኛ ካለህ የኔን ስም ስጠው።"

"ምን ነካሽ አንቺ? ምን እያልሽ ነው?" ይላል ወንድምጋሼ በስልኩ ውስጥ። ድገሚው ሳይላት ደግማ ነገረችው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር። ከዚያ ዘጋችና ቀና ብላ እህቷን አየች። የሆነ ነገር ጠብቃለች፤ ምን እንደሆነ እንጃ። ቢያንስ ሚጢጢ ቦርሳዋን ታወርዳለች ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ሚጢጢ የበሩን እጀታ ይዛለች። "ለባሌ ሥራ ይበጀው ይሆናል፤ ተባረኪ" አለች። "ወደ እኔ ቤት ግን እግርሽን እንዳታነሺ።"

"ሚጢጢ! እየሰማሽኝ ተናገርኩ እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ስለቁጥሩ አይደለም። ማንም ሰው ይረሳል፤ ለሱ ቢሆን ይቅር እልሽ ነበር። ግን የልጄ አባት ሊወድቅ ነው ብሎ ልቡ የሚሞቀውን ሰው ምን ብዬ ልጄን እቀፋት ልበለው? አንቺ ብትሆኚ ትሰጫት ነበር?"

"ነገ እሑድ ነው" አለች ቆጣሪዋ።

"አውቃለሁ" አለች ሚጢጢ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አልጠረገችውም። "ጠዋት ተነስታ በር በሩን ታያለች። ቴቴ የታለች ስትለኝ የምላት አላጣም።"

በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታው ወረደች።